የንብረትና የክሪፕቶከረንሲ ትርፍ ግብር፦ ምንነቱና አሰላሉ

አንድ ሰው ንብረቱን ከገዛበት ወይም ካሠራበት ዋጋ በላይ ሲሸጥ በሚያገኘው ጥቅም ላይ የሚጣለው ግብር የካፒታል ዋጋ ዕድገት ጥቅም ግብር ይባላል። ግብሩ የሚሰላው ሻጩ ከእጁ ባስገባው ጠቅላላ ገንዘብ ላይ ሳይሆን በትርፉ ላይ ነው። ይህን ልዩነት ያልተረዳ ሻጭ ሊከፍል ከሚገባው በላይ ሊከፍል፣ ወይም ያልጠበቀው ዕዳ ሊገጥመው ይችላል።

ግብሩ የሚመለከታቸው ንብረቶች

የፌዴራል የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለዚህ ግብር ተገዥ ያደረጋቸው የማይንቀሳቀስ ንብረትን፣ አክሲዮንንና ቦንድን ነው። አዋጁ ሲወጣ የተወሰነው ምጣኔ ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 በመቶ፣ ለአክሲዮንና ለቦንድ 30 በመቶ ነበር። አዋጁ በ2017 ዓ.ም በመሻሻሉ፣ ሽያጭ ከመፈጸሙ በፊት በሥራ ላይ ያለውን ምጣኔ ከገቢዎች ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ይገባል።

ሻጩ ከሽያጩ በፊት ለ2 ዓመት ሙሉ በሙሉ ለመኖሪያነት የተጠቀመበት የራሱ ቤት በአዋጁ ከግብሩ ውጭ ተደርጓል። በቆቦ ከተማ ለንግድ የተከራየ ሱቅ ወይም መጋዘን ግን በዚህ አይሸፈንም።

አርሶ አደሩን በተመለከተ፣ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት በመሆኑ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ስለዚህ በራያ ቆላ ያለ የእርሻ ማሳ የዚህ ግብር ጉዳይ አይሆንም። የማሽላና የጤፍ ምርት ሽያጭም የካፒታል ሀብት ሽያጭ አይደለም፤ በግብርና ገቢና በገጠር መሬት መጠቀሚያ ክፍያ ሥርዓት የሚታይ ነው።

አሰላሉ

ስሌቱ ሦስት ደረጃዎች አሉት። በመጀመሪያ የንብረቱ ወጪ ይደመራል። ወጪው የግዢውን ወይም የግንባታውን ዋጋ፣ ከግዢው ጋር የተያያዙ ክፍያዎችንና ንብረቱን ለማሻሻል የወጣውን ገንዘብ ያካትታል። ቀጥሎ ይህ ድምር ከሽያጩ ዋጋ ይቀነሳል። በመጨረሻም ቀሪው በግብሩ ምጣኔ ይባዛል።

ለምሳሌ አንድ ነጋዴ ሱቁን በ1,200,000 ብር ገዝቶ፣ 300,000 ብር አውጥቶ ተጨማሪ ክፍል ቢሠራና ኋላ በ2,700,000 ብር ቢሸጠው ወጪው 1,500,000 ብር፣ ትርፉ 1,200,000 ብር ይሆናል። ግብሩ በ15 በመቶ ሲሰላ 180,000 ብር ነው። ይኸው ነጋዴ ለተጨማሪው ክፍል ያወጣውን ወጪ በደረሰኝ ማስረዳት ካልቻለ ግን ትርፉ 1,500,000 ብር ተብሎ ግብሩ 225,000 ብር ይደርሳል። የደረሰኝ አለመኖር ብቻውን 45,000 ብር ያስከፍለዋል ማለት ነው።

በመሆኑም የግዢ ውል፣ የግንባታ ፈቃድ፣ የሲሚንቶና የብረት ግዢ ደረሰኝ እንዲሁም የባንክ ማስረጃ እስከ ሽያጩ ቀን ድረስ ሊጠበቁ ይገባል። በጦርነቱ ወቅት ሰነዱ የጠፋበት ባለንብረት የውሉን ቅጂ ውሉን ካረጋገጠው አካል፣ የፈቃዱን ቅጂ ከማዘጋጃ ቤት፣ የገንዘብ ዝውውሩን መረጃ ከባንኩ አስቀድሞ ቢጠይቅ ይበጀዋል።

በውል ላይ ዋጋን አሳንሶ መጻፍ ሕግን ከመጣሱ ባሻገር ገዢውንም ይጎዳል። ዛሬ ዝቅ ተደርጎ የተጻፈው ዋጋ ነገ ገዢው በተራው ሲሸጥ ወጪው ሆኖ ስለሚያዝ፣ በወረቀት ላይ የሚታየው ትርፍ ይጨምራል፤ ግብሩም ከዚያው ጋር ያድጋል።

ክሪፕቶከረንሲ በዚህ ውስጥ ምን ቦታ አለው?

እንደ ቢትኮይን ያሉ ክሪፕቶከረንሲዎች በ2008ቱ አዋጅ የካፒታል ሀብቶች ዝርዝር ውስጥ በስም አልተጠቀሱም። ሆኖም የአዋጁ አንቀጽ 63 በሌሎች አንቀጾች ያልተሸፈነ ገቢ ላይ የ15 በመቶ ግብር ይጥላል። ስለዚህ «በስም ስላልተጠራ ግብር የለበትም» የሚለው ድምዳሜ የማያስተማምን ነው።

ከግብሩ በፊት የሚነሳው ጥያቄ ግን የሕጋዊነት ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር መሆኑን፣ በክሪፕቶከረንሲ የሚፈጸም ክፍያም ያልተፈቀደ መሆኑን አስታውቋል። ቢትኮይን የሚያመነጩ ኩባንያዎች ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ጋር ተዋውለው ኃይል መግዛታቸው ለግለሰቦች የግብይት ፈቃድ ተደርጎ ሊወሰድ አይገባም። ግብር መክፈልም ያልተፈቀደን ግብይት ሕጋዊ አያደርገውም።

በውጭ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች

ሕጉ እንደሚኖሩበት አገር ይለያያል። በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ክሪፕቶከረንሲን እንደ ንብረት ይቆጥረዋል። በመሆኑም መሸጥ ብቻ ሳይሆን አንዱን ክሪፕቶ በሌላ መለወጥ ወይም ዕቃ መግዛትም ትርፍ የሚሰላበት ድርጊት ነው። በ1,000 ዶላር የተገዛ ቢትኮይን 1,600 ዶላር ሲደርስ ለዕቃ መግዣ ቢውል፣ ባለቤቱ ጥሬ ገንዘብ ባይቀበልም የ600 ዶላር ትርፍ እንዳገኘ ይቆጠራል። ከአንድ ዓመት በላይ ተይዞ የተሸጠ ንብረት እንደ ባለቤቱ ገቢ መጠን በ0፣ በ15 ወይም በ20 በመቶ ይታሰብለታል፤ አንድ ዓመትና ከዚያ በታች የቆየው ግን እንደ መደበኛ ገቢ ይታያል።

ቤትም ይሁን ክሪፕቶከረንሲ፣ ግብርን አስቀድሞ ለመገመት የሚያስፈልጉት ሦስት መረጃዎች ናቸው፦ የተገዛበት ቀንና ዋጋ፣ የወጣው ተጨማሪ ወጪና የተሸጠበት ዋጋ። የስም ዝውውር ያለ ግብር ክሊራንስ ስለማይፈጸም፣ ሻጭና ገዢ ውል ከመፈራረማቸው በፊት ግብሩን አስልተው ማን እንደሚሸፍነው ቢስማሙ ኋላ ከሚመጣ ክርክር ይድናሉ።