የካምቢዮ ዘይት መለወጥ

የካምቢዮ ዘይት መለወጥ፣ በእጅ በሚገባ ማርሽ የሚሠራ ተሽከርካሪ ማርሹ ሲጠነክር፣ ይልቁንም በማለዳ ብርድ አልገባ ሲል፣ ያረጀውን ዘይት አፍስሶ በአዲስ የመተካት ተግባር ነው። ዘይቱ የጥርሶቹን ሰበቃ ከማለዘቡም በላይ፣ ብዙውን ጊዜ ከናስ የሚሠሩት የሲንክሮናይዘር ቀለበቶች የማርሾቹን ፍጥነት የሚያስተካክሉበትን መጠነኛ ሰበቃ ስለሚጠብቅ፣ በዘመን ብዛት ባሕርዩ ሲለወጥ ወይም መጠኑ ሲጎድል ማርሹ ይከብዳል።

በዓይነቱ ምርጫ የፋብሪካው መመሪያ ሊከበር ይገባል፤ ጂ.ኤል. 4 የተባለው የዘይት ደረጃ በታዘዘለት ካምቢዮ ጂ.ኤል. 5 ቢሞላ፣ ለዲፈረንሻል ጥርሶች ብርቱ ጫና ሲባል የበዛው የሰልፈርና የፎስፎረስ ቅመም ናሱን ሊበላ ይችላልና።

መካኒኩ መኪናውን ጥቂት ነድቶ ዘይቱን ካሞቀ በኋላ በደልዳላ ስፍራ ያቆማል፤ አሮጌው ፈስሶ አዲሱን ማስገባት እንዳይሳነውም፣ ከማፍሰሻው አስቀድሞ የመሙያውን ቡሎን ይፈታል። ዘይቱ ተንጠፍጥፎ ካለቀ፣ በማፍሰሻው ማግኔት ላይ የተሰበሰበው የብረት ብናኝ ከተጠረገና ቡሎኑ ከታሰረ በኋላ፣ በአብዛኞቹ መኪኖች አዲሱ እስከ መሙያው ቀዳዳ ከንፈር ይሞላል።

ይህ ሁሉ ተፈጽሞ ማርሹ ካልላላ፣ ሕመሙ በሚገባ ከማይለቅ ፍሪሲዮን፣ ከተበላ ሲንክሮናይዘር ወይም ከማርሽ ማስገቢያው ዘንግ ሊሆን ስለሚችል፣ ካምቢዮው ሳይፈታ አስቀድሞ ፍሪሲዮኑንና ዘንጉን መመርመር ይገባል።