ድንገተኛ ሞት ሲደርስ፦ ሶብር፣ ለቅሶና የጎረቤት ድርሻ

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጂዶችና የሙስሊሞች ሱቆች ሲቃጠሉ፣ መከራ ሳይታሰብ እንደሚመጣ አይተናል። የተቃጠለ ቤት በትብብር ይሠራል፤ በድንገት የተለየን ሰው ግን አይመለስም። ሳይሰናበቱት ስለሚሄድም ሐዘኑ ይበረታል።

ሶብር ማለት እንባን ማፈን አይደለም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። የተከለከለው ሙሾ ማውረድ፣ ፊት መንጨትና ልብስ መቅደድ ነው። ሐዘን የሚቀመጡት 3 ቀን ሲሆን፣ ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች ደግሞ እስክትወልድ ዒዳ ትቆያለች።

ጃዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ (ረ.ዐ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ሸሂድ ሲሆኑ፣ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ለቤተሰባቸው ምግብ እንዲሠራ አዘዋል። ስለዚህ በቢቸናም በሞጣም ለቅሶ ስንደርስ ምግብ ይዘን እንሂድ እንጂ ሐዘንተኛው እንዲያበላን አንጠብቅ። «እንዴት ሞተ?» እያልንም ደጋግመን አናስተርከው።

ብቸኝነቱ የሚከብደው ለቀስተኛ ሲበተን ነው። ከ3 ቀን በኋላም እንጠይቀው፤ ለሟች ዱዓና ሰደቃ እናድርግ፤ ዕዳ ካለበት ይከፈልለት። ከሳምንታት በኋላም እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብና ሥራ የተወ፣ የአሟሟቱ ነገር ፊቱ ላይ እየመጣ የሚያስጨንቀው ሰው ካለ ወደ ሐኪም እንውሰደው። መታከም ሶብር ማጣት አይደለም።