አሰልጣኙ በረኛ የሆነባት ሌሊት

እንግዲህ ጆሯችሁን አውሱኝ። ሌስተር ፓትሪክ የሚባል የካናዳ ሰው ነበር። የተወለደው በኩቤክ፣ ድራመንድቪል ከተማ፣ በ1883 የመጨረሻዋ ቀን ነው። ዘመኑን የምቆጥርላችሁ በፈረንጆቹ ነው።

ያኔ የበረዶ ሆኪ ገና ዳዴ ይላል። ተከላካይ ከተባልክ ሥራህ አንድ ነው፤ ከግብህ ፊት ትቆማለህ፣ ፑክ የምትባለዋ ጠፍጣፋ ጎማ ስትደርስህ ወደ ማዶ ትሰዳታለህ፣ ተመልሰህ ትቆማለህ። ይህ ለሌስተር አልዋጥለት አለ። ተከላካይ ሆኖ ሳለ ፑኳን በዱላው እየነዳ በበረዶው ላይ ሽው ይላል፤ ሄዶም ያገባል!

በ1906 የስታንሊ ዋንጫ ፍልሚያ የእሱ ቡድን ሞንትሪያል ዋንደረርስ ኦታዋን በመጀመሪያው ጨዋታ 9 ለ 1 ረታ። ነገሩ አለቀ ተባለ። በመልሱ ግን ኦታዋዎች እንደ ደራሽ ውሃ መጡ፤ 9 ለ 1 ደርሰው ድምሩን እኩል አደረጉት። በዚያ ጭንቅ ሰዓት ሁለት ጎል አከታትሎ ዋንጫውን ያስገኘ ማን ነው? ተከላካዩ ሌስተር!

ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ካናዳ ሄዶ በእንጨት ንግድ ከብሮ ነበር። በ1911 ንግዱ ሲሸጥ ሌስተርና ወንድሙ ፍራንክ ገንዘቡን በሆኪ ላይ አዋሉት። የቪክቶሪያና የቫንኩቨር የብርድ ወራት ግን ዝናብ እንጂ ለጨዋታ የሚሆን በረዶ አይሰጥም። ታዲያ ምን አደረጉ? ከወለሉ ሥር ቧንቧ ዘርግተው፣ በማሽን የቀዘቀዘ የጨው ውሃ እያዞሩ በረዶውን ራሳቸው ሠሩ። በካናዳ ሰው ሠራሽ በረዶ ያላቸው የመጀመሪያዎቹ የሆኪ አዳራሾች እነዚህ ናቸው። ሊግም መሠረቱ። ያኔ ፑክን ወደፊት ማቀበል ክልክል ነበር። ወንድማማቾቹ ሜዳውን በሁለት ሰማያዊ መስመሮች ከፍለው፣ በመካከላቸው ወደፊት ማቀበልን ፈቀዱ። ሰማያዊዎቹ መስመሮች ዛሬም አሉ።

በ1925 ሌስተር ያሠለጠነው ቪክቶሪያ ኩገርስ ሞንትሪያል ካናዲየንስን አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዓመቱ የምዕራቡ ሊግ ፈረሰ፤ ሌስተርም አዲሱን ኒውዮርክ ሬንጀርስን ሊያሠለጥን ተጠራ።

አሁን ወደዚያች ሌሊት እንምጣ። አፕሪል 7 ቀን 1928፣ ሞንትሪያል፤ የስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ሁለተኛ ጨዋታ። የሬንጀርስን አዳራሽ ሰርከስ ይዞታልና ጨዋታው ሁሉ በተጋጣሚው በማሩንስ ሜዳ ነው። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ኔልስ ስቱዋርት የመታው ፑክ የሬንጀርስን በረኛ ሎርን ሻቦን ዓይኑ ላይ አገኘው። ከዚህ በኋላ መጫወት አልቻለም። ተጠባባቂ በረኛስ? በዚያ ዘመን ቡድን የሚይዘው አንድ በረኛ ብቻ ነው። ከተመልካቹ መካከል የኦታዋው ታላቅ በረኛ አሌክ ኮኔል ተቀምጧል፤ እሱን ለማሰለፍ ግን የተጋጣሚ ፈቃድ ያስፈልጋል። የማሩንሱ አሰልጣኝ ኤዲ ጄራርድ እምቢ አለ።

ሌስተር ያኔ 44 ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩ ሸብቷል። የበረኛውን ትጥቅ ታጠቀ፣ ሄዶም ግቡ አፍ ላይ ቆመ! ተጫዋቾቹ ታላቃቸውን ለመከለል ተረባረቡ። እሱም 18 ምት መለሰ፤ የገባበት አንድ ብቻ ነው። በጭማሪው ሰዓት ፍራንክ ባውቸር አገባ፤ 2 ለ 1! በሳምንቱ ሬንጀርስ ዋንጫውን አነሳ፤ ገና በሁለተኛው የውድድር ዓመቱ።

በ1933 ደገሙት። በ1940 ሲሠልሱ ሌስተር ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ ከተጫዋቾቹም ሊንና መዝ የተባሉ ሁለት ልጆቹ ነበሩበት። በ1960 ቪክቶሪያ ላይ አረፈ፤ ፍራንክም በዚያው ወር ተከተለው።

ይህን ሰው የማከብረው በዋንጫዎቹ ብዛት አይደለም። በረዶ ቢጠፋ በረዶ ሠራ፤ ሕጉ ጨዋታውን ቢያንቀው ሕጉን ለወጠ፤ በረኛ ቢታጣ ራሱ በረኛ ሆነ። ተጋደሉ ብሎ ሌሎችን በሚልክበት ሜዳ እሱም ገባ። ሰው እንዲህ ያለውን መሪ ሳይታዘዝ፣ ወዶ ይከተለዋል።