የጥርጣሬው ዕዳ የማን ነው? የፋብሪካ ልቀት ልኬት ደረጃዎች አጭር ታሪክ



እህል በቁና ሲሰፈር ያየ ሰው ስለ ልኬት ሁለት ነገር ያውቃል። አንደኛ፣ የአንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና እኩል አይደለም። ሁለተኛ፣ ቁናው አንድ ቢሆን እንኳ ሰፋሪው ከምሮ ሊሰፍር ወይም አፉን በእጁ አስተካክሎ ሊሰፍር ይችላል። በዚህ ምክንያት ገበያተኛው «ስንት ቁና ነው?» ከማለቱ በፊት «በማን ቁና? ማንስ ይሰፍራል?» ብሎ ይጠይቃል። ዛሬ የምናገረው ስለ ፋብሪካ ጭስ ነው፤ ጥያቄው ግን የገበያተኛው ጥያቄ ነው።

የአየር ንብረት ሕግ ታሪክ በአብዛኛው የሚተረከው በጉባኤዎች ቅደም ተከተል ነው፤ በ1992 ሪዮ፣ በ1997 ኪዮቶ፣ በ2015 ፓሪስ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እነዚህ ጉባኤዎች የሙቀት አማቂ ጋዞች ልቀት ይቀነስ ብለው ወሰኑ። መቀነሱን ለማወቅ ግን አስቀድሞ መለካት ያስፈልጋል፤ ልኬት ደግሞ ምንጊዜም የተወሰነ ጥርጣሬ ይዞ ይመጣል። የዛሬው ክርክሬ እንዲህ የሚል ነው፦ የልኬት ደረጃ ከመሣሪያና ከቀመር ባሻገር፣ የማይቀረው ጥርጣሬ በማን ሒሳብ እንደሚመዘገብ የሚወስን ፍርድ ነው። ፍርዱም እንደየዘመኑና እንደየቦታው በተለያየ ወገን ላይ አርፏል።

ከአንድ ፋብሪካ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለማወቅ ሁለት መንገዶች አሉ። የመጀመሪያው በጭስ ማውጫው ላይ መሣሪያ ተክሎ በጭሱ ውስጥ ያለውን የጋዝ ድርሻና የጭሱን ፍሰት በየሰዓቱ መለካት ነው። ሁለተኛው ጭሱን ሳይነኩ ወደ ምድጃው የገባውን ማስላት ነው፤ የተቃጠለው ነዳጅ መጠን በውስጡ ባለው የካርቦን ድርሻ ይባዛል፣ ከዚያም እያንዳንዱ 12 ኪሎ ካርቦን 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደሚሆን ይታሰባል። የመጀመሪያው የመሐንዲስ፣ ሁለተኛው የሒሳብ ሹም ሥራ ይመስላል። አሜሪካ ለታላላቅ የኃይል ማመንጫዎቿ በአብዛኛው የመጀመሪያውን፣ አውሮፓ ደግሞ በአብዛኛው ሁለተኛውን መረጡ።

በአሜሪካ ታሪኩ የጀመረው በሌላ ጋዝ ነው። በ1990 የተሻሻለው የንጹሕ አየር ሕግ የአሲድ ዝናብን ለመግታት በሰልፈር ዳይኦክሳይድ ልቀት ላይ ጣሪያ አበጀ፤ የልቀት ፈቃድ መሸጥና መግዛትንም ፈቀደ። የመጀመሪያው ምዕራፍ በ1995 ሲጀመር በአብዛኛው የድንጋይ ከሰል የሚያነዱ 110 የኃይል ማመንጫ ጣቢያዎች ተካተቱ። ፈቃዱ በገንዘብ የሚሸጥ በመሆኑ አንድ ቶን በኦሃዮም በኢንዲያናም አንድ ቶን መሆኑ መረጋገጥ ነበረበት፤ ስለዚህ ጣቢያዎቹ ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች እንዲተክሉ ተገደዱ። ያው ሕግ ካርቦን ዳይኦክሳይድም እንዲለካና እንዲዘገብ አዘዘ። ማንም ገና ያልገደበው ጋዝ በዚህ መንገድ መዝገብ ላይ ዋለ።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ይበልጥ የሚስበኝ መሣሪያው ሲበላሽ የሚሆነው ነገር ነው። መረጃ በጎደለበት ሰዓት ክፍተቱ በተተኪ ቁጥር ይሞላል፤ ተተኪው ቁጥርም ጉድለቱ በበዛ መጠን እየከበደ ይሄዳል። ክፍተቱ ጥቂትና አጭር ከሆነ ከፊቱና ከኋላው ያሉት ሰዓታት አማካይ ይበቃል። ተሟልቶ የተገኘው መረጃ ከ80 በመቶ በታች ከወረደ ግን፣ በጎደሉት ሰዓታት ጣቢያው ሊለቅ የሚችለውን ከፍተኛ መጠን እንደለቀቀ ይቆጠርበታል። ዝምታ ያስከፍላል፤ ከፋዩም የመሣሪያው ባለቤት ነው። ጥርጣሬው በለቃቂው ሒሳብ ስለተመዘገበ መሣሪያን በወቅቱ መጠገን የሚያተርፍ ሥራ ሆነ።

ይህ ሲባል ልኬቱ እንከን አልነበረውም ማለት አይደለም። የጭስን ፍጥነት የሚለካው ቱቦ መሠረቱ ፈረንሳዊው አንሪ ፒቶ በ1732 የሴን ወንዝን ፍሰት የለካበት መሣሪያ ነው። የተለመደው ዘዴ ጭሱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል በሚል ግምት ላይ ይቆማል። በሰፊ የጭስ ማውጫ ውስጥ ግን ጭሱ እየተሽከረከረ ሊወጣ ይችላል፤ ያን ጊዜ ፍጥነቱ ከእውነተኛው በላይ ሆኖ ይነበባል። የጣቢያዎቹ ባለቤቶች «ካለቀቅነው በላይ ተቆጠረብን» ሲሉ አቤቱታ አቀረቡ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲም በ1999 የፍሰቱን አቅጣጫ የሚለዩና በጭስ ማውጫው ግድግዳ አጠገብ የሚዘገየውን ፍሰት ከግምት የሚያስገቡ አዳዲስ ዘዴዎችን አጸደቀ። ልብ በሉ፤ ጥርጣሬው በእነርሱ ሒሳብ ባይመዘገብ ኖሮ ባለቤቶቹ ስለ ጭስ መሽከርከር የሚጨነቁበት ምክንያት አይኖራቸውም ነበር።

አሁን ወደ አውሮፓ እንሻገር። የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ግብይት ሥርዓት በ2005 መጀመሪያ ሥራ ሲጀምር ከ10,000 በላይ ተቋማትን አካቶ ነበር። ፈቃዶቹ በአብዛኛው በነጻ ተከፋፈሉ፤ የተከፋፈሉት ግን የታመነ ልኬት ገና ሳይኖር ነው። መንግሥታት ያለፉትን ዓመታት አኃዝ ከኩባንያዎቹ በጥድፊያ ሰበሰቡ። አኃዙን ያቀረበው ፈቃዱን የሚቀበለው ወገን ራሱ ነበር፤ አብዛኛውን አኃዝም ገለልተኛ ወገን አልመረመረውም። ከፍ አድርጎ የተናገረ ብዙ ፈቃድ የሚያገኝበት አሠራር ነበር።

በ2006 የጸደይ ወራት የ2005 የተረጋገጠ የልቀት ሪፖርት ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ ሆነ። ልቀቱ ወደ 2 ቢሊዮን ቶን ሲሆን የተከፋፈለው ፈቃድ ከዚያ ይበልጥ ነበር። በአፕሪል ወር ወደ 30 ዩሮ ደርሶ የነበረው የአንድ ቶን ፈቃድ ዋጋ በቀናት ውስጥ ወደ ግማሽ ወረደ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ፈቃድ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ስለማይሻገር በ2007 ዋጋው ወደ ዜሮ ተጠጋ።

ይህ ክስተት ብዙ ጊዜ የገበያ ውድቀት ተደርጎ ይነገራል። እኔ የመዝገብ ውድቀት አድርጌ አነበዋለሁ። የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ዴኒ ኤለርማንና ባርባራ ቡክነር በ2008 ባሳተሙት ጥናት ያነሡት ጥያቄ፣ ፈቃድ የተረፈው በዝቶ ስለታደለ ነው ወይስ ፋብሪካዎቹ በእርግጥ ስለቀነሱ የሚል ነበር። ከ2005 በፊት የታመነ መነሻ ባለመኖሩ መልሱን በግምት እንጂ ከመዝገብ ማግኘት አልተቻለም። ጥርጣሬውን ማንም ስላልተሸከመው የሁሉም ሆነ፤ በእውነት የቀነሰው ፋብሪካ አኃዙን ካጋነነው ፋብሪካ ሊለይ አልቻለም።

ኅብረቱ ከዚያ በኋላ ደንቡን እያጠበቀ ሄደ። በ2012 በወጣው የክትትልና የሪፖርት ደንብ መሠረት፣ ለተለመዱ ነዳጆች መጠን ልኬት በዝቅተኛው ደረጃ እስከ 7.5 በመቶ የሚደርስ የስሕተት ህዳግ ሲፈቀድ፣ በከፍተኛው ደረጃ ህዳጉ ከ1.5 በመቶ መብለጥ የለበትም። ብዙ የሚለቅ ተቋም ወደ ጥብቁ ደረጃ ይገፋል፤ ሪፖርቱንም ገለልተኛ አረጋጋጭ ይመረምረዋል።

ሦስተኛው ምዕራፍ እኛን በቀጥታ ይነካል። ሲሚንቶን እንውሰድ። የኖራ ድንጋይ በምድጃ ውስጥ ሲግል ካልሲየም ኦክሳይድ ይቀራል፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። ይህ ልቀት ከነዳጁ ልቀት የተለየ ነው፤ ምድጃው በምንም ቢነድ አይቀርም። ኬሚስትሪው በሙገርም ሆነ በጀርመን አንድ ነው፤ ለ56 ኪሎ ካልሲየም ኦክሳይድ 44 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። የሚለያየው በክሊንከሩ ውስጥ ያለው የካልሲየም ኦክሳይድ ድርሻ ነው። የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2006 ባወጣው መመሪያ፣ የራሱ ልኬት የሌለው አገር ድርሻውን 65 በመቶ አድርጎ እንዲወስድ ይፈቅዳል። ይህም በአንድ ቶን ክሊንከር 0.51 ቶን ልቀት ማለት ነው፤ ለሚባክነው የምድጃ አቧራ 2 በመቶ ሲጨመርበት 0.52 ይሆናል። አሁን በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ክሊንከር የሚያመርት ፋብሪካ እናስብ። የቤተ ሙከራ ምርመራ ድርሻው 63 በመቶ መሆኑን ቢያሳይ፣ አቧራውን ሳንቆጥር የኖራው ልቀት ከተተኪው ቁጥር ከ15,000 ቶን በላይ ያንሳል። በምድጃው ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ልዩነቱን ያመጣው ናሙና መመርመሩ ብቻ ነው።

ተተኪ ቁጥር የተዘጋጀው ለበጎ ነው፤ ቤተ ሙከራ ያልተሟላለት አገርም ሪፖርት ማቅረብ እንዲችል። ነገሩ የሚለወጠው ቁጥሩ የክፍያ መጠየቂያ ሲሆን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያጸደቀው የድንበር የካርቦን ማስተካከያ ደንብ ሲሚንቶን፣ ብረትን፣ አሉሚኒየምን፣ ማዳበሪያን፣ ሃይድሮጅንንና ኤሌክትሪክን ይመለከታል። ከኦክቶበር 2023 ጀምሮ አስመጪዎች ምርቱ ሲመረት የተለቀቀውን ጋዝ እንዲዘግቡ ተደረገ፤ ክፍያው ከዚያ በኋላ እንዲከተል ታቀደ። የአምራቹ ትክክለኛ ልኬት ካልቀረበ ተተኪ ቁጥር ይገባል። ደንቡ ሲጸድቅ ይህ ቁጥር የላኪው አገር አማካይ ጭማሪ ተደርጎበት እንዲሆን፣ ስለ አገሩ የታመነ መረጃ ከሌለ ደግሞ በአውሮፓ ውስጥ በልቀት እጅግ የባሱትን ተቋማት አማካይ እንዲከተል ደነገገ።

አመክንዮው ቀደም ሲል በአሜሪካ ያየነው ነው፤ ዝምታ ያስከፍላል። አንድ ልዩነት ግን አለ። የኦሃዮው ጣቢያ ባለቤት መሣሪያ የሚገዛበት ገበያ፣ መሣሪያውን የሚፈትሽለት ባለሙያ፣ አቤት የሚልበት ኤጀንሲ ነበረው። እንደ እርሱ ያሉት ተከራክረው ዘዴው እንዲሻሻል አድርገዋል። ዕውቅና ያለው ቤተ ሙከራና አረጋጋጭ በአቅራቢያው የማያገኝ ፋብሪካ ግን ያልለካው ቸል ብሎ ላይሆን ይችላል። ያው ሕግ ለአንዱ ማትጊያ፣ ለሌላው ተጨማሪ ቀረጥ ይሆናል።

ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ኢትዮጵያ ለአውሮፓ በዋነኛነት የምትሸጠው ቡናና አበባ እንጂ ሲሚንቶ አይደለም፤ ዛሬ ከዚህ ደንብ የሚደርስብን ሸክም ትንሽ ነው። ለአውሮፓ አሉሚኒየም ስትሸጥ ለቆየችው ለሞዛምቢክ ግን ጉዳዩ የወረቀት ክርክር አይደለም። ተተኪ ቁጥር ይቅር ማለትም መፍትሔ አይመስለኝም፤ ጥርጣሬን ማንም የማይሸከምበት ሥርዓት ወዴት እንደሚያደርስ በ2006 ታይቷል። የእኛ ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል ይመነጫል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው፤ ነገር ግን በታመነ ልኬት ካልተመሰከረለት በሌላው መዝገብ ላይ አይታይም።

«በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ይላል ተረታችን፤ ሰፋሪውን ሲያስጠነቅቅ። ከዚህ ታሪክ እኔ የተማርኩት ደግሞ የራሱ ቁና የሌለው ሰው ሁልጊዜ የሚሰፈረው በሌላው ቁና መሆኑን ነው። በዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ የኬሚስትሪ፣ የምህንድስና፣ የሕግና የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ወደፊት ናሙና የምትመረምሩ፣ መሣሪያ የምትፈትሹ፣ ደረጃ በሚወሰንበት ጠረጴዛ ዙሪያም የምትቀመጡ ናችሁ። በዚያ ጠረጴዛ ላይ «የስሕተት ህዳጉ ስንት ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ «በማን ሒሳብ?» ብላችሁ እንድትጨምሩ አደራ እላለሁ።