ሰቆጣን የሠራት እግር

ሰቆጣ ሲባል አዲስ አበባ ላደገ ወጣት ምን ትዝ ይለዋል? እንደኔ ግምት ሦስት ነገር፦ ድርቅ፣ ነጭ ማር እና «የሰቆጣ ቃል ኪዳን»። የመጨረሻው፣ መንግሥት በ2015 የሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2030 ለማስቀረት የገባው ቃል ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እንደምጽፍ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።) አንዲት ከተማ ስሟን ለረሃብ መከላከያ ሰነድ ስታውስ ክብር ነው ወይስ ሌላ ነገር? እሱን ለሌላ ቀን እንተወው። ዛሬ የማወራው የሰቆጣ ስም ከረሃብ ጋር ሳይሆን ከገንዘብ ጋር ስለሚነሣበት ዘመን ነው።

በሰሜኑ የአገራችን ክፍል ከነበሩት ታላላቅ የጨው ገበያዎች አንዷ ሰቆጣ ነበረች። ጨው ስል ደግሞ ወጥ ውስጥ የሚጨመረውን ብቻ አይደለም፤ አሞሌን ነው። አሞሌ የሚበላ ገንዘብ ነበር። በሬ ይገዛል፣ ግብር ይከፈልበታል፣ ሲቸግር ደግሞ ተሰብሮ ወጥ ውስጥ ይገባል። (ዛሬ በኪሳችን ያለው ብር ይህን ችሎታ አላደለውም።)

ስለ ዋግ ታሪክ ስናነብ ግን የምናገኘው ስለ ዋግሹሞቹ ነው። የዛጉዌ ዘር ነን የሚሉት ባላባቶች፣ ከመካከላቸውም «አፄ ተክለጊዮርጊስ» ተብሎ ከ1868 እስከ 1871 የነገሠው ዋግሹም ጎበዜ፣ ከከተማዋ አጠገብ ያለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ… ሁሉም ትክክል ነው፣ ሁሉም መጻፍ ያለበት ነው። ነገር ግን ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን እየቆጠርን፣ ወንበሩን ያቆመውን ቀረጥ በአህያ ጭኖ ያመጣውን ሰው ዘለነዋል። ሰቆጣን ገበያ ያደረጋት ባለወንበሩ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ መንገድ ላይ የነበረ ሰው ነው።

እስቲ መንገዱን እንከተለው። ጨው የሚወጣው በአፋር በረሃ፣ ከባሕር ወለል በታች ከመቶ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ካለው ከአሳሌ ሐይቅ አካባቢ ነው። አፋሮቹ የደረቀውን የጨው መሬት እየፈነቀሉ፣ እየጠረቡ፣ መጠኑን እያስተካከሉ ያዘጋጁታል። ከደጋ የሚወርደው ሲራራ ግመሉን፣ በቅሎውንና አህያውን ጭኖ ገደሉን ተያይዞ ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ትግሬዎች ይህን የጨው ጉዞ «አርሆ» ይሉታል። ከዚያ ወደ ደቡብ የሚያቀናው በሰምረ አድርጎ የጸላሪን ሸለቆ ይወርዳል፤ ወንዙን ይሻገራል፤ እንደገና ሽቅብ ይወጣና ሰቆጣ ይደርሳል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከሁለት ሺህ ሜትር ያልፋል። አንዲት አሞሌ ከተወለደችበት ጉድጓድ እስከዚህ ገበያ ድረስ ከሁለት ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሰማይ ወጥታለች ማለት ነው፤ በሰው እግርና በከብት ጀርባ። እዚያም አታበቃም። ከሰቆጣ ወደ ምዕራብ በጌምድርና ጎንደር፣ ወደ ደቡብ ላስታና የጁ፣ ከዚያም አልፎ ጎጃም አለላት።

የዚህ እርምጃ ዋጋ ስንት እንደነበር የሚነግረን ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የተባለው ፖርቱጋላዊ ቄስ ነው። ከ1520 እስከ 1526 አገራችን ውስጥ ነበረ። እሱ እንደጻፈው፣ ጨው ከሚወጣበት አጠገብ ለአንድ ድራም ወርቅ (ጥቂት ግራም ናት) መቶ ሀያ መቶ ሠላሳ ያህል አሞሌ ይሰጣል፤ ንጉሡ ከሰፈረበት ከተማ ሲደርስ ግን ለዚያችው ወርቅ ስድስት ወይም ሰባት አሞሌ ይበቃል። ጨዉ ያው ጨው ነው። በመሃል የተጨመረው እግር ብቻ ነው። በኢኮኖሚክስ ክፍል ስለ ትራንስፖርት ወጪ የሚያስተምር መምህር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የሚያገኝ አይመስለኝም። አልቫሬዝ በመንገዱ ላይ ሦስትና አራት መቶ የሚሆኑ የጭነት ከብቶች በአንድ ላይ ሲነዱ አይቷል፤ እነዚያ የመኳንንት ናቸው። ሀያና ሠላሳ ከብት የሚነዱት ተራ ነጋዴዎች ነበሩ። ከብት የሌለውስ? ጨዉን ራሱ ተሸክሞ ከገበያ ገበያ ይዞራል።

ነገሩ ደግሞ ከአልቫሬዝ በፊት አንድ ሺህ ዓመት ያህል ወደኋላ ይሄዳል። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን አዱሊስ የመጣው ግሪክኛ ጸሐፊ ኮስማስ፣ የአክሱም ንጉሥ በአገው ገዥ አማካይነት «ሳሱ» ወደሚባል የወርቅ አገር ነጋዴ ይልክ እንደነበር ጽፏል። ከአምስት መቶ የሚበልጡ ሰዎች ታጥቀው ይሄዳሉ፤ የሚወስዱት በሬ፣ ጨውና ብረት ነው። ሲደርሱ እሾህ አጥረው ይሰፍራሉ። በሬዎቹን አርደው ሥጋውን፣ ጨዉንና ብረቱን እሾሁ ላይ ያኖራሉ። ያገሩ ሰው መጥቶ ደስ ባለው ዕቃ ላይ ወርቅ አስቀምጦ ፈቀቅ ይላል። ባለዕቃው ከተስማማው ወርቁን ያነሣል፤ ካልተስማማው ዝም ብሎ ይተወዋል፤ ያኛው ወይ ይጨምራል ወይ ወርቁን ይዞ ይሄዳል። ቋንቋ አይግባቡም፤ ቃል ሳይተነፍሱ ይገበያያሉ። ደርሶ መልሱ ስድስት ወር ነው፤ ሲመለሱም ክረምት ገብቶ ወንዝ እንዳይዘጋባቸው ይጣደፋሉ። «በአገው ገዥ አማካይነት» የምትለዋን ልብ በልልኝ። የአገው ምድር ገና ያኔ የመንገድ ደጃፍ ነበር።

የሲራራ ነጋዴ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ጎሕ ሲቀድ ይጫናል። ፀሐይ ሳትበረታ ይኬዳል። ከቀትር በኋላ ውኃና ሣር ያለበት ቦታ ይሰፈራል፤ ከብቱ መጋጥ አለበታ። ጭነቱ ይወርድና በአንድ ቦታ ይደረደራል፤ ቆዳ ይለብሳል። ሌሊቱን እሳት አይጠፋም፤ ጅብም አለ ሽፍታም አለ። ስንቁ በሶና ቆሎ ነው። ማታ ማታ የከብቱ ጀርባ ይታያል፤ መጫኛው የላጠው፣ ኮርቻው የቆረቆረው ገጣባ ካለ ነገ ሸክሙ ለሌላው ይከፋፈላል። የሲራራው ትልቅ ጠላት ግን ሽፍታም ጅብም አይደለም፣ ዝናብ ነው። የረጠበ ጨው የሚቀልጥ ገንዘብ ነው። ተከዜና ጸላሪ ሲሞሉ ንግዱ ይቆማል፤ መስከረም እስኪጠባ ዓለም ለሁለት ትከፈላለች።

በየኬላው ደግሞ ቀረጥ አለ። ያንዱ ገዥ ኬላ ሲያልቅ የሌላው ይጀምራል። ስለዚህ ነጋዴዎቹ ተሰባስበው፣ ከመካከላቸው አንድ አለቃ አድርገው ይጓዛሉ፤ ከቀራጩ ጋር የሚደራደረውም እሱ ነው። ነጋድራስ ማለት ይኸው ነው፣ የነጋዴ ራስ። ማዕረጉ ኋላ ላይ የመንግሥት ሹመት ሆነና ነጋድራስ ገብረሕይወት ባይከዳኝና ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረኢየሱስ ተባለ። የመጀመሪያው የኢኮኖሚ ጸሐፊያችንና የመጀመሪያው የልብ ወለድ ደራሲያችን ሁለቱም ይህን ከአህያ ኋላ የተወለደ ማዕረግ መሸከማቸው ደስ ይለኛል።

ታዲያ መንገዱን ቤቱ ያደረገው ማነው? እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ሰው መለየት አለብን። አንደኛው አዝመራውን ሰብስቦ በበጋ ጨው የሚወርድ ገበሬ ነው፤ ክረምት ሲመጣ ወደ ርስቱ ይመለሳል። ሁለተኛው የሚመለስበት ርስት የሌለው ነው። በሰሜኑ ደጋ የሩቁን ንግድ በብዛት የያዙት ጀበርቲ የሚባሉት ሙስሊሞች ነበሩ። ለምን ሲባል «ሙስሊም ንግድ ይወዳል» የሚል መልስ ስንሰማ ኖረናል። ተወው! ክርስቲያን በነገሠበት ደጋ ሙስሊም ርስት አይሰጠውም ነበር። መሬት ከተከለከልክ የሚቀርህ መንገድ ነው።

ስለ አውሮፓ ሮማዎች (በልማድ «ጂፕሲ» ስለሚባሉት) ሳነብ ትዝ የሚለኝ ይሄ ነው። በፊልም የምናያቸው በፈረስ በሚጎተት፣ በቀለም ባጌጠ ሠረገላ ቤት ውስጥ ሲኖሩ ነው፤ ነፃነት፣ ሙዚቃ፣ የእሳት ዳር ጭፈራ። ያ ሠረገላ ግን የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው፤ ከዚያ በፊት ድንኳን ነበር። ሮማዎች ከሰሜን ሕንድ ከወጡ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆናቸው፣ ባብዛኛው የዞሩት መዞር ስላማራቸው ሳይሆን ከየመንደሩ በሕግ ስለተባረሩ ነው። ዛሬ ሩማንያ በምንለው አገር ደግሞ እስከ 1850ዎቹ አጋማሽ ባሪያዎች ነበሩ። እኛ ጋ ሠረገላ አልነበረም፤ የዋግ ገደል መንኰራኩር አያስተናግድም። ግን አመክንዮው አንድ ነው፦ መሬት ንፈገው፣ ከዚያ «ተቅበዝባዥ» በለው።

(በኑሮ ዘይቤ ከሆነ ለሮማዎች የሚቀርቡት ሌሎች ናቸው፤ ጎሕ ሳይቀድ በራችን ላይ በዜማ የሚለምኑት ላሊበሎች። ካላዜሙ ሥጋ ደዌ ይይዛቸዋል የሚባለው ነገር ለብቻው ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ነጋዴው በደረሰበት ከተማም ቢሆን ቦታው ተለይቶ ነው። በ1668 ጎንደር ላይ የተደረገው የአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ በ1878 ደግሞ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ መጣ፤ አፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሙ እንዲጠመቅ አዘዙ። ከነጋዴው ገሚሱ ተጠመቀ፣ ገሚሱ ወደ መተማ ሸሸ። የሚገርመው ቤተ መንግሥቱም፣ ዋግሹሙም፣ ቤተ ክርስቲያኑም ያለዚህ ሰው ጨው መቅመስ አይችሉም ነበር። ቀረጡን ይፈልጉታል፣ ጎረቤትነቱን ግን አይፈልጉትም።

ነጋዴውን ቅዱስ አድርጌ ልሥለው ግን አልችልም። በዚያው መንገድ ላይ ባሪያም ይነዳ ነበር። አልቫሬዝ ጨው በሩቁ አገር ሰው እንደሚገዛበትም መዝግቧል፤ ጥቂት አሞሌ ለአንድ ባሪያ። እግሩ የተመሰገነው ነጋዴ ወደ ሰሜን ሲመለስ ከፊቱ የሚራመደው የሰው እግር ታስሮ ነበር። የባሪያ ንግድ በሕግ ተጠቅልሎ የተዘጋው በ1942 ነው።

የሰቆጣ ገበያ እንዴት ወደቀ? ባንድ ቀን አይደለም። የምኒልክ ብር ከ1890ዎቹ ጀምሮ መጣ፤ በ1917 ባቡር አዲስ አበባ ሲገባ የንግዱ ወገብ ወደ መሃል አገር ዞረ። ትልቁን ምት የሰጣት ግን ጎማ ይመስለኛል። ጣሊያን ከአስመራ አዲስ አበባ ያበጃጀው መንገድ በማይጨው፣ በኮረም፣ በአላማጣና በወልድያ አለፈ፤ ሰቆጣን ወደ ምዕራብ ትቷት። መኪና የሚያልፍበት ከተማ ሆነ፤ አህያ የሚያልፍበት «ሩቅ» ተባለ። ሰቆጣ ከቦታዋ አንድ ስንዝር ሳትነቃነቅ ሩቅ ሆነች። በ1984 ረሃብ ጊዜ ካሜራው የደረሰው ኮረም ነበር፤ መንገድ ስላለው።

ጨዉም ዞረ። የኢትዮጵያ ገበያ በአሰብ ጨው ሲኖር ቆይቶ፣ በ1998 የኤርትራ ጦርነት ሲነሣ ወደ አፍዴራ ተዛወረ። በ2011 ደግሞ ለምግብ የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው ደንብ ወጣ፤ እንቅርት ላስቸገረው ደጋ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፣ ለአሞሌ ግን የሞት ፍርድ። ከዚያ አስፋልቱ ወደ በራህሌ ሲወርድ የጭነት መኪናው ግመሉን ተካው። በ2020 ጦርነቱ ሲነሣ በትግራይና በዋግ መካከል ያለው የነጋዴ መንገድ ተዘጋ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሰቆጣ ራሷ በውጊያው ውስጥ አለፈች።

አሞሌ ግን ጨርሳ አልጠፋችም። በደጋው ገበያ ከእህሉና ከሽንኩርቱ ዳር፣ መሬት ላይ ተደርድራ ትገኛለች። ገዢዋ ገበሬው ነው፤ ቤቱ ወስዶ ለበሬውና ለላሙ ያስልሳታል።