የደጃዝማች ባልቻ የመጀመሪያው ገቢር

ትራጄዲ የሚባለውን የቴአትር ዓይነት ያየ ወይም ያነበበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያስታውሰው ፍጻሜውን ነው። ሰይፉ፣ ደሙና ለቅሶው ከዓይነ ኅሊናው አይጠፋም። ይሁን እንጂ ነገሩ ሁሉ የሚጠነሰሰው በመጀመሪያው ገቢር ነው። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው በሼክስፒር «ማክቤዝ» ውስጥ ባለታሪኩ ወደ መድረክ የሚወጣው ወንጀለኛ ሆኖ ሳይሆን የንጉሡን ጠላት ድል አድርጎ የሚመለስ ታማኝ የጦር አለቃ ሆኖ ነው። ጠንቋዮቹ መንገድ ላይ ጠብቀው ንጉሥ ትሆናለህ ይሉታል፤ ግደል ግን አላሉትም። ወዲያውም አንደኛው ትንቢት ተፈጽሞ አዲስ ሹመት ይደርሰዋል። ሹመቱም የሞት ፍርድ ከተፈረደበት ከሃዲ የተነጠቀ ነው። ማክቤዝ የከሃዲውን ማዕረግ ሲለብስ የከሃዲውን ዕጣም አብሮ መልበሱን ልብ የሚለው ተመልካቹ ብቻ ነው። ዕጣና ምኞት እንዲህ ከተገናኙ በኋላ የቀረው ገቢር የተጠነሰሰው የሚፈላበት ነው ማለት ይቻላል።

እንዲህ ያለውን አጀማመር ለማግኘት እስከ ስኮትላንድ መሄድ አያሻም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወሊሶ አልፎ ወልቂጤ የሚደርሰውን አውራ ጎዳናና በዓለም ገና ታጥፎ ቡታጅራ የሚወርደውን መንገድ የማያውቅ የሙያ ባልደረባ ጥቂት ነው። እነዚህ ሁለት መንገዶች የሚዘልቁበት የጨቦና የጉራጌ አገር ከ1868 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር የሚመላለስበት ሆኖ ነበር። የሰሜኑ ክፍል ቀደም ብሎ ሲገብር፣ በወልቂጤ አቅራቢያ ያለው የቀቤናው መሪ ሐሰን እንጃሞ ግን በራስ ጎበና ጦር ድል እስከ ሆነበት እስከ 1881 ዓ.ም. ድረስ ጸንቶ ተዋግቷል። ጦሩ ሲመለስ ከከብቱና ከምርኮው ጋር ሕፃናትም ይነዱ ነበር። ከነዚያ ሕፃናት ሁለቱ በኋላ የኢትዮጵያን መንግሥት ከሚያቆሙና ከሚያወርዱ ሰዎች ተራ ይቆጠራሉ ብሎ በዚያን ጊዜ ያሰበ አልነበረም።

አንደኛው ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ ሁለተኛው ባልቻ ሳፎ ነው። ባልቻ ከጦርነቱ በኋላ ተሰልቦና ቆስሎ ከወደቀበት ሜዳ ምኒልክ እንዳነሣው፣ በግቢም እንዳሳደገው ይነገራል። ይህ ነው የባልቻ የመጀመሪያው ገቢር። የአገሩን መንደር ያቃጠለው ጦር ባለቤትና ከሞት ያዳነው እጅ አንድ ሆነው ተገኙ። ዘር የማይተካ፣ ርስት የሚያወርሰው ልጅ የሌለው፣ ዘመዶቹም በሩቅ የቀሩበት ሕፃን ከምኒልክ በቀር በዓለም ላይ የኔ የሚለው አልነበረውም። ለማክቤዝ ትንቢቱን የነገሩት ጠንቋዮች ናቸው፤ ለባልቻ ግን ያለ ትንቢት ዕጣው በሥጋው ላይ ተጽፎ ነበር። የኋለኛው ታማኝነቱ ከዚህ መወለዱን ሳይገነዘቡ የፈጸመውን ሥራ መመዘን ያስቸግራል።

ሁለቱ ሰዎች በጠባይ የተለያዩ ነበሩ። ሀብተ ጊዮርጊስ «አባ መላ» ተብሎ የተጠራው ነገርን አስቀድሞ አስልቶ የሚሠራ በመሆኑ ነው። የባልቻ የፈረስ ስም ደግሞ «አባ ነፍሶ» ነው። በ1888 ዓ.ም. የመድፍ አዛዥ ሆኖ በመቀሌና በአድዋ ያሳየው ጀግንነት በዘፈን ሳይቀር የሚነገርለት ስለ ሆነ እዚህ መዘርዘር አያስፈልግም። በዚያ ዳገት ላይ በበቅሎ ጭኖ ያወጣውን የተራራ መድፍ አነጣጥሮ መተኮስ ግን ጀግንነት ብቻ ሳይሆን ሙያም እንደሚጠይቅ ይህን መጽሔት ለሚያነቡ ማስረዳት አያሻም።

ከድሉ በኋላ ሲዳሞን እንዲገዛ ተሾመ፤ በመካከሉ ሐረርን ቢይዝም ኋላ ወደ ሲዳሞ ተመልሷል። የታሪኩ እጅግ ከባዱ ክፍል ይህ ሳይሆን አይቀርም፤ የሚያወድሱትም ብዙውን ጊዜ ዘለው ያልፉታል። ሲዳሞ እንደ ጉራጌ ሁሉ በጦር የተያዘ አገር ነበር። ገበሬው በገባርነት ለወታደሩ ተመድቦ እህሉን ይሰፍር፣ ማሩን ይገብር፣ ጉልበቱን ያለ ዋጋ ይሰጥ ነበር። ወደ መሐል አገር የሚላከው ቡናና ግብር ከዚሁ ትከሻ ላይ የሚወጣ ነው። በምርኮ ያደገው ሕፃን አሁን የሌሎች ሕፃናት አባቶች የሚገብሩለት ገዥ ሆነ። ባልቻ በዚህ ነገር ኅሊናው ተወቅሶ ይሆን? የኖረበት ሥርዓት ጥያቄውን እንኳ የሚያነሣ አልነበረም፤ እርሱንም ያነሣውና የሾመው ያው ሥርዓት ነው። ሥርዓቱን መኰነን ያነሣውን እጅ መኰነን ይሆንበታል። የግሪኩ ኤዲጶስ የራሱን ወንጀለኛ በአዋጅ ሲፈልግ እንደሚታየው፣ ባልቻም የራሱን የልጅነት ጠባሳ በሌላው ሕዝብ ላይ ሲያትም ኖረ ቢባል ፍርዱ የጠነከረ ሊመስል ይችላል፤ ከእውነት ግን አይርቅም።

መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ ከሥልጣን ሲወርድ ሀብተ ጊዮርጊስም ባልቻም ካወረዱት ወገን ነበሩ። የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ንግሥት፣ ራስ ተፈሪ መኰንን ደግሞ አልጋ ወራሽና እንደራሴ ሆኑ። ስለዚህ በኋላ የሚጥለውን ሥልጣን ካቆሙት እጆች አንደኛው የባልቻ የራሱ ነው። ማክቤዝ የለበሰው የከሃዲ ማዕረግ ምሳሌው እዚህ ላይ ነው። ሀብተ ጊዮርጊስ በሕይወት ሳለ አሮጌውና አዲሱ በሚዛን ቆሙ፤ እርሱ በ1919 ዓ.ም. ሲሞት ሚዛኑ ተሰበረ። ተፈሪ የየጠቅላይ ግዛቱን ግብርና ሹመት ወደ ማዕከላዊው መንግሥት ይሰበስብ ነበርና ባልቻ ወደ አዲስ አበባ እንዲመጣ ተጠራ። ለእንደራሴው ሒሳብ ማቅረብ ከምኒልክ የተቀበለውን አደራ ለሌላ ማስረከብ ሆኖ ታየው፤ አለማቅረብ ደግሞ በምኒልክ ልጅ ስም የቆመውን መንግሥት መድፈር ነው። በሁለት መሐላ መካከል ቆመ።

በ1920 ዓ.ም. ብዙ ሺህ ጦር አስከትሎ መጣና ከከተማው ወጣ ብሎ ሰፈረ። ተፈሪ በክብር ተቀብሎ ግብር ጋበዘው። ባልቻም የተመረጡ ጠባቂዎቹን አስከትሎ ገባ። ግብሩ በመበላት ላይ ሳለ የተፈሪ ሰዎች ወደ ሰፈሩ ሄደው ወታደሩን በገንዘብ በተኑት። ባልቻ ሲመለስ ያገኘው ባዶ ሰፈር ነበር፤ አንድም ጥይት ሳይተኮስ ወደቀ። የመድፉ አዛዥ በጠገራ ብር ተሸነፈ። ከዚያም ከቤተ ክርስቲያን ተጠግቶ እጁን ሰጠ፤ ታሰረ፤ ግዛቱም ለሌላ ተሰጠ። ተፈሪ በመስከረም 1921 ዓ.ም. የንጉሥነት ዘውድ ጫነ።

የዛሬው የአዲስ አበባ ነዋሪ የሀብተ ጊዮርጊስን ስም በድልድይ፣ የባልቻን በሆስፒታል ያገኘዋል። ሀብተ ጊዮርጊስ በአልጋው ሞተ። ባልቻ ግን ከእስር ወጥቶ፣ ዓለምን ንቆ በጸሎት ተወስኖ ሳለ፣ በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር አዲስ አበባ ገባ። ያዋረደው ንጉሠ ነገሥት ወደ ውጭ አገር ወጥቶ ነበር፤ ሒሳብ የሚጠይቀው እንደራሴም፣ የሚያስምለው መንግሥትም በአገሩ አልነበረም። በዚህ ጊዜ ማንም ሳይጠራው መሣሪያውን አነሣ። ዕድሜው ሰባን አልፎ ነበር። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ጠላት ባገኘው ጊዜ መሣሪያውን ሳያስረክብ ሲዋጋ ሞተ።