«ፎርማት ይደረግ!» ከመባሉ በፊት፦ የላይቭ ሲዲ ታሪክ

ልጆች ሳለን የቤት ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚሰጠው ፍርድ አንድ ነበር፤ «ፎርማት ይደረግ!» ይግባኝ የለውም። ጠጋኙ በማርከር የተጻፈበትን የዊንዶውስ ሲዲ ከቦርሳው መዘዝ ያደርጋል፣ ሻይ ተፈልቶ እስኪጠጣ ማሽኑ እንደ ሙሽራ ተኳኩሎ ይነሳል። የታላላቆቻችን የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሠርጉ ፎቶ፣ በስንት ፍላሽ የተለቀመው ዘፈን ግን አብሮ ታጥቦ ሄዷል። ማንም ያልነገረን ነገር ቢኖር ብዙውን ጊዜ ፋይሎቹ አለመሞታቸውን ነው። የሞተው ዊንዶውሱ ብቻ ነበር። ቁልፍ ጠፋ ተብሎ ቤት ሲፈርስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ አይተናል፤ ያውም ከፍለን።

ዛሬ የምናወጋችሁ በመስኮት ስለሚገባው ሲዲ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ከወዲሁ ይቅርታ።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሳው ከሀርድ ዲስኩ ነው። ላይቭ ሲዲ ይህን ልማድ ይሽራል። ዴስክቶፑ፣ ብራውዘሩ፣ የጽሑፍ መክተቢያው ሁሉ ከሲዲው እየተነበበ ራም ላይ ይሠራል፤ ሀርድ ዲስኩ ካላዘዛችሁት በቀር አይነካም። ተነቅሎ ቢወጣ እንኳ ሥራው አይቆምም። በሚሠራው ሲስተም ውስጥ ገብታችሁ የታመመውን ሀርድ ዲስክ ትከፍቱታላችሁ፣ ፋይላችሁን ወደ ፍላሽ ትገለብጣላችሁ፣ ከዚያ በኋላ ጠጋኙ የፈለገውን ይፍረድ።

በወሬ ደረጃ ቀላል ነው። ሲዲ ግን ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ዕቃ አይደለም። ቢበዛ 700 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ አይጻፍበትም፣ ቀርፋፋ ነው። የመጀመሪያዎቹ ማጫወቻዎች በሰከንድ የሚያነቡት 150 ኪሎባይት ብቻ ነበር።

ቢሆንም የቸኮለ አልጠፋም። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን ይፋ ካደረገ ገና ዓመት ከምናምን ሲሆነው፣ በታኅሣሥ 1992፣ አዳም ሪክተር በካሊፎርኒያ በርክሌይ ያቋቋመው ይግድራሲል የተባለ ኩባንያ ከሲዲ ላይ መሥራት የሚችል ሊኑክስ አወጣ። ስሙ ከስካንዲኔቪያ አፈ ታሪክ የተወሰደ የታላቅ ዛፍ ስም ነው። የዚያን ጊዜ ፒሲዎች በቀጥታ ከሲዲ መነሳት ስለማያውቁ ግን ማስነሻ ፍሎፒ ያስፈልገው ነበር። ይህን ያቃናው በ1995 ፊኒክስ እና አይቢኤም ያወጡት «ኤል ቶሪቶ» የተባለ ስታንዳርድ ነው። ኤል ቶሪቶ የሜክሲኮ ምግብ ቤት ስም ነው፤ እንደሚወራው ከሆነ ሐሳቡ የተጠነሰሰው እዚያ ምግብ ቤት ውስጥ ነው። ቴክኖሎጂም ማዕድ ላይ ይወለዳል ማለት ነው።

እውነተኛው ታሪክ የሚጀምረው ግን በ2000 ጀርመን ውስጥ ነው። ክላውስ ክኖፐር የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስ የለመዳቸውን ሶፍትዌሮች በሄደበት ኮምፒውተር ሁሉ ላይ ማግኘት ስለፈለገ፣ በዴቢያን ላይ የተመሠረተ አንድ ሲዲ አዘጋጀና በስሙ ላይ ዩኒክስን አዳቅሎ «ክኖፒክስ» አለው።

ብልሃቱ መጭመቁ ላይ ነው። ክሉፕ የሚባለው ሞጁል ሲስተሙን በትንንሽ ቁራሽ ጨምቆ ያስቀምጠዋል፤ ኮምፒውተሩ አንድ ነገር ሲጠይቅ ያን ቁራሽ ብቻ ይፈታለታል። በዚህ ዘዴ 2 ጊጋባይት የሚሆን ሶፍትዌር አንዲት ሲዲ ላይ ገባ። ከሁሉም የሚያስገርመው ይህ ነው፤ መጭመቁ ያዘገየዋል ስትሉ ጭራሽ ሊያፋጥነው ይችላል። ለምን ቢሉ፣ ቀርፋፋው ሲዲው እንጂ ፕሮሰሰሩ አይደለም። ከሲዲው የሚነበበው ሲያንስ ጥበቃውም ያጥራል።

ሌላው ራስ ምታት ማሽኑን ማወቅ ነበር። ሀርድ ዲስክ ላይ የተጫነ ሲስተም የሚኖረው አንድ ቤት ውስጥ ነው፤ ላይቭ ሲዲ ግን በየቀኑ የማያውቀው ሰው ቤት የሚያድር እንግዳ ነው። በዚያ ዘመን ሊኑክስ የሚጭን ሰው የስክሪኑን ፍሪኩዌንሲ ሳይቀር በእጁ የሚጽፍበት ጊዜ ነበር፤ ከተሳሳተ ጥቁር ስክሪን ነው የሚጠብቀው። ክኖፒክስ ሲነሳ የቪዲዮ ካርዱን፣ የድምፅ ካርዱን፣ ኔትወርኩን ራሱ እየፈተሸ ያውቃል። ይህን ያየ ሰው ምን አደረገ መሰላችሁ? እንዳይጫን ተብሎ የተሠራውን ሲስተም ሀርድ ዲስኩ ላይ ጫነው! ለብዙዎች ወደ ዴቢያን የመግቢያ አቋራጭ ሆነ።

ክኖፐር በዚህ አላበቃም። ባለቤቱ አድሪያን የማየት ችግር አለባት። በእሷ ስም የሚጠራ፣ ስክሪን ሳያስፈልግ በድምፅ የሚመራ ክፍል ክኖፒክስ ውስጥ አካተተ። ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ሲዲውን ማንኛውም ኮምፒውተር ውስጥ ከትቶ ያለ ማንም እርዳታ ይሠራል። እኛ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንወደው ይህን ነው።

በጥቅምት 2004 ደግሞ የደቡብ አፍሪካው ባለሀብት ማርክ ሸትልወርዝ (በ2002 ከፍሎ ጠፈር ደርሶ የተመለሰው ሰው) ኡቡንቱን ይዞ መጣ። ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ እስከ 2011 ድረስ በፖስታ በነፃ ይልክ ነበር። ኢንተርኔቱ ፈጣን ለሆነ ሰው ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል። እስቲ እናስላው፤ በ56 ኪሎቢት ዳያል አፕ 700 ሜጋባይት ለማውረድ፣ መስመሩ አንዴም ሳይቆረጥ፣ 28 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ስልኩ ከቤት ሰው ሁሉ ተነጥቆ ማለት ነው! ለአዲስ አበባ ልጅ ፖስታ ሣጥን ከኢንተርኔት የሚፈጥንበት ዘመን ነበር። በሰኔ 2006 የወጣው 6.06 እትም ደግሞ መሞከሪያውንና መጫኛውን በአንድ ሲዲ አደረገው፤ መጀመሪያ ቅመሱት፣ ከጣማችሁ ጫኑት።

የላይቭ ሲዲ ድክመት የሚባለው፣ ሲጠፋ ሁሉን መርሳቱ፣ ለአንዳንዱ ዋና ጥቅሙ ሆነ። በ2009 የጀመረው ቴይልስ ሆን ብሎ የሚረሳ ሲስተም ነው። ኢንተርኔቱን በቶር በኩል ያደርጋል፣ ሲጠፋ ራሙን ያጸዳል፣ በማሽኑ ላይ ዱካ ላለመተው ይጥራል። በ2013 የኤድዋርድ ስኖውደንን ሰነዶች ይዘው የሠሩት ጋዜጠኞች፣ ላውራ ፖይትራስ እና ግሌን ግሪንዋልድ፣ ቴይልስን ተጠቅመዋል። ጋዜጠኝነት ስንማር ምንጭን ስለመጠበቅ በቃልም በፈተናም ተነግሮናል፤ ምንጩ የተጻፈበት ሀርድ ዲስክ በማን እጅ እንደሚያድር ግን ያነሳልን አልነበረም።

በጥቅምት 2012 ኡቡንቱ 12.10 ሲወጣ ከ700 ሜጋባይት አልፎ ሲዲው ላይ አልገባ አለ። ፍላሽ ተተካ፤ ፈጣን ነው፣ ይጻፍበታልም።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ አንዳችን ከታላቅ ወንድሟ መሳቢያ የ6.06 ሲዲ ከነካርቶኑ ይዛ መጣች። ጭረት እንኳ የለውም። እንሞክረው ብለን ላፕቶፖቻችንን ብናገላብጥ የአንዳችንም ላፕቶፕ የሲዲ ማስገቢያ የለውም።